የሦስት ሰው ላፕቶፕ
ትንሿንና ሰፊዪቱን ኮምፒዩተር ስለ መምረጥ ከጁባ የተጻፈ

አማርኛን በመማር ላይ ያላችሁ አንባቢዎቻችን፣ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የሚለውን ተረት ሳትሰሙት አልቀራችሁም። ትርጓሜው ግልጽ ነው፤ ተጣድፎ የሠራ ሰው አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ ይሠራዋል ማለት ነው። ይህ ተረት እህል ለምትሰፍር ሴት ብቻ ሳይሆን፣ በዛሬው ዘመን ላፕቶፕ ለሚገዛ የመንግሥት ሠራተኛም የሚስማማ መሆኑን በጁባ ከተማ ያየነው ጉዳይ አስረድቶናል። ስለዚህ ያየነውን ለአንባቢዎቻችን ልናካፍል ወደድን።

ጁባ በነጭ ዓባይ ዳር የምትገኝ የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ናት። አገሪቱ ነጻነቷን ያወጀችው ጁላይ 9 ቀን 2011 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። አዲሱ መንግሥት በተቋቋመበት ወራት ኢትዮጵያ፣ ኬንያና ዩጋንዳ በኢጋድ አማካይነት ወደ 200 የሚጠጉ የመንግሥት ሠራተኞችን ልከው፣ ከደቡብ ሱዳን ባልደረቦቻቸው ጋራ ጎን ለጎን እንዲሠሩ አድርገዋል። ከዚህም ሌላ በሆቴልና በንግድ ሥራ የተሠማሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን በከተማዪቱ ስለሚኖሩ፣ በጁባ መንገድ አማርኛ መስማት እንግዳ ነገር አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ ባለ ጉዳይ የሆኑት ባልደረባችን በ1980ዎቹ ዓመታት በጋምቤላ፣ በኢታንግ የስደተኞች ሰፈር ያደጉ ናቸው። አማርኛን አቀላጥፈው ይናገራሉ፤ ነገር ግን በጆሯቸው እንጂ በዐይናቸው አያውቁትም ነበር። አሁን በጎልማሳነታቸው ማታ ማታ ፊደል በመቍጠር ላይ ይገኛሉ። ምክንያቱን ስንጠይቃቸው፣ በልጅነታቸው ያስተማሯቸው አንድ አረጋዊ መምህር ዛሬም በጋምቤላ እንዳሉና፣ ለእኒህ ሰው በገዛ እጃቸው በአማርኛ ደብዳቤ ለመጻፍ እንደ ተመኙ ነገሩን። እኛም አፍ የፈታነው በትግርኛ ሆኖ አማርኛን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ከመጽሐፍ የተማርን ስለ ሆንን፣ ምኞታቸው ወዲያው ገባን።

ለዚህና ለመሥሪያ ቤታቸው ሥራ አንዲት ትንሽ ላፕቶፕ ሊገዙ ቈርጠው ነበር። ነገር ግን ገንዘቡ የተገኘው በቀላሉ አልነበረም። በ2024 ነዳጅ የሚተላለፍበት ቧንቧ በሱዳን ግዛት ውስጥ በተሰበረ ጊዜ፣ የደቡብ ሱዳን መንግሥት ገቢ እጅግ በመቀነሱ፣ የመንግሥት ሠራተኞች ለብዙ ወራት ደመወዝ ሳያገኙ መቆየታቸው የታወቀ ነው። ባልደረባችን ያጠራቀሙት ገንዘብ ከዚያ ችግር የተረፈና በኋላም በጥቂት በጥቂቱ የተጨመረበት ነው።

«ወንድሜ» አሉን፤ «ይህ ገንዘብ አንድ ጊዜ ከወጣ አይመለስም። ብሳሳት የማርምበት ሌላ ገንዘብ የለኝም፤ ስለዚህ ምርጫውን አግዘኝ።»

«ጋሼ» አልናቸው፤ «ከሁሉ አስቀድሞ በላፕቶፗ ላይ ማን ማን እንደሚሠራባት ይንገሩን።»

ባልደረባችን ጥቂት አሰቡና ሦስት ሰው ቈጠሩ። የመጀመሪያው እርሳቸው ናቸው፤ ደብዳቤና ሪፖርት ይጽፉባታል፣ አማርኛም ይማሩባታል። ሁለተኛዋ ባለቤታቸው ናቸው፤ በኮንዮ ኮንዮ ገበያ ጨርቅ ስለሚነግዱ የሱቃቸውን ሒሳብ ይይዙባታል። ሦስተኛዋ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነችው ልጃቸው ናት። ይህን በሰማን ጊዜ ላፕቶፗ የአንድ ሰው ሳትሆን የቤተ ሰብ ዕቃ መሆኗን ተረዳን፤ በሱቅም ለምርጫ ከቀረቡት ሁለት ላፕቶፖች ፊት ሦስቱም እንዲገኙ ለመንናቸው።

ስለ ስፋቱና ስለ ቁመቱ

ባልደረባችን አስቀድመው ያዩት ነገር ሁለቱም ባለ 13.3 ኢንች መሆናቸውን ነበር። «እንግዲያስ እኩል ናቸው» አሉ። ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው።

የላፕቶፕ ስክሪን የሚለካው ከጥግ ወደ ጥግ ነው። ስለዚህ የኢንቹ ቍጥር አንድ ሆኖ ሳለ ቅርጹ ሊለያይ ይችላል። ባለ 13.3 ኢንች ስክሪን እንደ ዱሮው ቴሌቪዥን 4 ለ3 ሆኖ ቢሠራ፣ ወርዱ 27 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ ደግሞ 20.3 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። 16 ለ10 የሆነ እንደ ሆነ ወርዱ ከ28 ሳንቲ ሜትር ተኩል በላይ፣ ቁመቱ 17.9 ሳንቲ ሜትር ነው። 16 ለ9 ሲሆን ግን ወርዱ 29.4፣ ቁመቱ 16.6 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ጠቅላላ ስፋታቸውም በቅደም ተከተል ወደ 548፣ ወደ 513ና ወደ 488 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ከዚህ እንደምንረዳው፣ ወርዱ እየሰፋ በሄደ መጠን ስክሪኑ በጠቅላላው ያንሳል ማለት ነው።

ይህ ለውጥ እንዴት እንደ መጣ ለመረዳት አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በ2007 የወጣችው ቲንክፓድ ኤክስ 61 የተባለች ትንሽ ላፕቶፕ ስክሪኗ በወርዱ 1024፣ በቁመቱ 768 ነጥቦች ነበሩት። በ2008 ተተኪዋ ኤክስ 200 ሰፊ ስክሪን ይዛ 1280 በ800 ሆነች። ደቡብ ሱዳን ነጻ በወጣችበት በ2011 የወጣችው ኤክስ 220 ደግሞ 1366 በ768 ሆነች። አንባቢ ልብ ይበል! በአራት ዓመት ውስጥ ወርዱ ከ300 ነጥቦች በላይ ሲጨምር፣ ቁመቱ ተመልሶ እዚያው 768 ላይ ቆመ። ሰፊው ቅርጽ ሲኒማ ለማየት የሚመች መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ደብዳቤ የሚጽፉ ሰዎች ቁመት እንዲጨመርላቸው አጥብቀው በመሻታቸው፣ ከ2020 ገደማ ጀምሮ ብዙ ፋብሪካዎች ትንንሾቹን ላፕቶፖች ወደ 16 ለ10 መልሰዋቸዋል።

በሱቁ ከነበሩት ሁለት ላፕቶፖች አንደኛዋ አዲስ ሆና 16 ለ9 ናት፤ ነጥቦቿም 1366 በ768 ናቸው። ሁለተኛዪቱ የተሠራችባት ሆና 16 ለ10 ናት፤ ነጥቦቿም 1920 በ1200 ናቸው። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነበር። አዲሲቱ ስለምታብረቀርቅ የሦስቱም ዐይን ወደ እርሷ አዘነበለ።

እኛም ባልደረባችን በፍላሽ የያዙትን የመሥሪያ ቤታቸውን ደብዳቤ በሁለቱም ላይ እንዲከፍቱ ጠየቅናቸው። የደብዳቤ ወረቀት 29.7 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው፣ ቆሞ የሚነበብ ነገር ነው። በአዲሲቱ ላይ የላዩና የታቹ መሥመሮች ቦታ ከያዙ በኋላ የቀረው ቦታ የደብዳቤውን ግማሽ እንኳ አያሳይም። ቀኑንና የተቀባዩን ስም ሲያዩ ዋናው ጉዳይ ከታች ይሰወራል፤ ጉዳዩን ሲያወጡት ደግሞ ስሙ ወደ ላይ ይጠፋል። በሁለተኛዪቱ ላይ ያለው ብልጫ ወደ ሁለት መሥመር ያህል ነው። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ሪፖርት ሲያርም ለሚውል ሰው እያንዳንዱ መሥመር ድካም ይቀንስለታል።

ባለቤታቸው ግን በዚህ አልተስማሙም። በጁባ ዓረብኛ የተናገሩትን ባልደረባችን እንደ ተረጐሙልን፣ «የእኔ ሒሳብ እንደ ደብዳቤ ቆሞ አይሄድም፤ ተኝቶ ነው የሚሄደው» ብለዋል። እውነታቸውን ነው። የጨርቁ ዐይነት፣ የተገዛበት ቀን፣ ዋጋው፣ የተሸጠበት፣ ዕዳው፣ ቀሪው ሁሉ በአንድ ረድፍ ጎን ለጎን ስለሚጻፍ፣ ሰፊው ስክሪን ለእርሳቸው ሥራ የተፈጠረ ነው። ለቋንቋ ተማሪም ስፋት ይጠቅማል፤ በአንድ ወገን የሚነበበውን ጽሑፍ፣ በሌላው ወገን መዝገበ ቃላቱን ከፍቶ ጎን ለጎን ማየት ይቻላልና። ስለዚህ የሚፈለገው ስፋትን መጥላት ሳይሆን፣ ቁመትን ያልገደለ ስፋት ማግኘት ነው። የሴትዮዋ ሰንጠረዥ በ1366ቱ ነጥቦች ላይ ሁለት ዓምድ ሲያስቀር፣ በ1920ዎቹ ላይ ሙሉ በሙሉ ገባላቸው።

ስለ ኪቦርዱና ስለ ፊደሉ

ትንሽ ላፕቶፕ ሰፊ ስክሪን መያዟ ከሚሰጠው ጥቅም ሁሉ የሚበልጠው፣ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። ይኸውም የኪቦርዱ ጥቅም ነው። በሙሉ ኪቦርድ ላይ ከአንዱ ቁልፍ መካከል እስከ ሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት ወደ 19 ሚሊ ሜትር ነው። በአንድ ረድፍ የዐሥራ አምስት ቁልፍ ቦታ ስላለ፣ ሙሉው ኪቦርድ ከ28 ሳንቲ ሜትር በላይ ወርድ ይፈልጋል። ሰፊ ስክሪን ያላት ትንሽ ላፕቶፕ ይህን ወርድ ትሰጣለች። በ2007 ለገበያ የቀረበችው አሱስ ኢ ፒሲ ባለ 7 ኢንች ስክሪን ስለ ነበረች፣ ለመሸከም እጅግ ብትመችም ቁልፎቿ የግድ ጠባብ ነበሩ። እኛም ከዚያ ወዲህ ዋጋዋ ብቻ አታልሎን አንዲት ጠባብ ኪቦርድ ያላት ላፕቶፕ ገዝተን፣ አንዱን ቃል ሦስት ጊዜ እየሰረዝን የጻፍንበት ጊዜ አለ።

ይህ ነገር በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ይከፋል። ፊደላችን 33 ሲሆን እያንዳንዱ ሰባት መልክ ስላለው 231 ይሆናል። ብዙ ፊደል፣ ጥቂት ቁልፍ የሆነበት ችግር ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደላችንን ለጽሕፈት መኪና ባበጁበት ዘመን የነበረ ነው፤ ዛሬም አልጠፋም። በተለመደው አጻጻፍ «ቢሮ» ለማለት አራት ጊዜ መምታት ያስፈልጋል፤ አንዱን ቁልፍ የሳተ ጣት የፊደሉን መልክ ይለውጠዋል።

የማንበቡም ነገር እንደዚሁ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ከገባ፣ በ2007ም ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» የተባለውን የፊደል ቅርጽ ይዞ ከወጣ ወዲህ፣ አማርኛ በየኮምፒዩተሩ መነበብ ችሏል። ነገር ግን «ቡ»ና «ቢ»ን ተመልከቱ። የሁለቱ ልዩነት በቀኝ እግር ላይ ያለች ትንሽ ጭረት ናት፤ በካዕቡ ከመካከል፣ በሣልሱ ከታች ትገኛለች። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ጭረቷ ብትደበዝዝም ከቃሉ ይገምታል። ተማሪ ግን የሚገምትበት ስለሌለው ይሳሳታል። በ13.3 ኢንች ላይ 1366 በ768 ነጥቦች ያሉት ስክሪን በእያንዳንዱ ኢንች 118 ያህል ነጥቦች ሲኖሩት፣ 1920 በ1200 የሆነው 170 ያህል አለው። ባልደረባችን በመጀመሪያዪቱ ላይ «ቡና» የሚለውን ቃል ለማንበብ አጎነበሱ። በሁለተኛዪቱ ላይ ግን ቀና እንዳሉ አነበቡት።

ስለ ፀሓይ፣ ስለ አቧራና ስለ መብራት

በጁባ በየካቲት ወር ሙቀቱ 37 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ በበጋው ቀይ አቧራ በየቤቱ ይገባል። በእንዲህ ያለ አገር የላፕቶፕ ማቀዝቀዣ ንፋሹ እንዳይታፈን አዘውትሮ መጥረግ ያስፈልጋል። መረጃ የሚቀመጥበትም ክፍል የሚሽከረከር ዲስክ ሳይሆን ኤስኤስዲ የተባለው ቢሆን ይመረጣል፤ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው የቦዳ ቦዳውን መንገጫገጭ ይችላልና።

ስለ ብርሃኑ ሴትዮዋ ራሳቸው ፈተና አደረጉ። ሁለቱን ላፕቶፖች ወደ ሱቁ በር አውጥተው በቀትር ፀሓይ ተመለከቷቸው። በሚያብረቀርቀው ስክሪን ላይ ከሒሳቡ ይልቅ የገዛ ሻሻቸው ታየና ሳቁ። የማያብለጨልጨው ስክሪን ግን ቍጥሩን በግልጽ አሳየ። በገበያ መካከል ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቀጥሎ ያለው የባትሪ ጉዳይ ነው። በ2019 በጁባ 33 ሜጋዋት የሚሰጥ የኃይል ጣቢያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ መብራት ያገኙ ሰፈሮች በርክተዋል። ቢሆንም ደቡብ ሱዳን መብራት ያገኘ ሕዝብ በጣም ጥቂት ከሆነባቸው የዓለም አገሮች አንዷ ስለ ሆነች፣ ብዙ ቤት በጄኔሬተርና በፀሓይ ኃይል ይኖራል። የባትሪ ጕልበት የሚለካው በዋት ሰዓት ነው። 50 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ላፕቶፗ 7 ዋት የምትወስድ እንደ ሆነ 7 ሰዓት ያህል ያሠራል፤ 10 ዋት የምትወስድ እንደ ሆነ ግን 5 ሰዓት ብቻ ነው። በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ለሚመላለስ ሰው ደግሞ ከ100 ዋት ሰዓት የሚበልጥ ባትሪ ያለ ልዩ ፈቃድ እንደማይፈቀድ ማወቅ ይገባል።

ኃይል የምትቀበልበትም ቀዳዳ ይታይ። ዩ.ኤስ.ቢ. ሲ የተባለው ቀዳዳ ያላት ላፕቶፕ ቻርጀሯ ቢጠፋ ሌላ ተስማሚ ቻርጀር ማግኘት ይቀላል፤ ተስማሚ መሣሪያ ካለም ከመኪና ወይም ከፀሓይ ኃይል ባትሪ መሙላት ይቻላል። የኤውሮፓ ኅብረትም ከኤፕሪል 28 ቀን 2026 ጀምሮ በአገሮቹ የሚሸጡ አዳዲስ ላፕቶፖች ይህን ቀዳዳ እንዲይዙ ደንግጓል።

የልጅቱ ጥያቄ

እስከዚህ ድረስ ልጅቱ ዝም ብላ ነበር። ሁለቱን ላፕቶፖች በየተራ በቦርሳዋ ከትታ በሱቁ ውስጥ ከወዲያ ወዲህ ተመላለሰች። ክብደታቸው ብዙም አልተለያየም። ከዚያ በኋላ ሁላችንም የረሳነውን ጥያቄ ባለ ሱቁን ጠየቀችው፦ «ብትበላሽ ማን ይከፍታታል? ውስጧስ የሚለወጠው ምንድን ነው?»

ጥያቄው ብልኅ ነው። ላፕቶፖች እየሳሱና እየቀለሉ በሄዱ መጠን፣ ፋብሪካዎች ሜሞሪውን ከዋናው ሰሌዳ ጋራ በብየዳ ማጣበቅ አብዝተዋል፤ እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ በኋላ ሊጨመርበት አይቻልም። ባለ ሱቁ ዕውነቱን ነገራት። የተሠራችባት ላፕቶፕ ሜሞሪዋ 8 ጊጋ ባይት ሆኖ የተጣበቀ ነው፤ ባትሪዋና ኤስኤስዲዋ ግን በመፍቻ ይለወጣሉ። ባትሪዋም አርጅቷል። አዲሲቱ ደግሞ ሜሞሪዋ 4 ጊጋ ባይት ብቻ ሆኖ እርሱም የተጣበቀ ነበር።

እንግዲህ ፍጹም የሆነች ላፕቶፕ አልተገኘችም። አንደኛዋ አዲስነት ነበራት፤ ዋስትናም ነበራት። ሁለተኛዪቱ ለሥራው ትስማማለች፤ ነገር ግን ያረጀ ባትሪ አላት። ባልደረባችን ዝም ብለው ቆሙ። የብዙ ወር ቍጠባ በእጃቸው ሳለ የተሠራበት ዕቃ መግዛት ለማንም ሰው የሚከብድ ነው። በመጨረሻ ወደ ባለቤታቸው ዞረው ተነጋገሩ፤ የባትሪው ዋጋ ከጠቅላላው እንዲቀነስላቸውም ሴትዮዋ በነጋዴ አንደበት ተከራከሩ። ባለ ሱቁ ተስማማና ሁለተኛዪቱን ገዙ። በተቀነሰውም ገንዘብ አዲስ ባትሪ አስገቡላት።

ከዚህ በኋላ በቤታቸው ሥርዓት አወጡ። ቀን ላፕቶፗ ከአባት ጋራ ወደ መሥሪያ ቤት ትሄዳለች። ማታ መጀመሪያ እናት የዕለቱን ሽያጭ ይመዘግባሉ፤ ከዚያ ልጅቱ ትምህርቷን ትሠራለች። ሁሉ ሲተኛ አባት ፊደላቸውን ይከፍታሉ። የታችኛው መሥመር ባልተፈለገ ጊዜ እንዲደበቅ ማድረግንም ስላሳየናቸው፣ ጥቂት ተጨማሪ ቁመት አግኝተዋል።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ባልደረባችን ወደ ቢሯችን መጥተው ላፕቶፗን ከፊታችን ከፈቱ። በግራ በኩል መዝገበ ቃላት፣ በቀኝ በኩል ዘጠኝ መሥመር የሆነ የአማርኛ ደብዳቤ ነበር። «ለተከበሩ መምህሬ» ብሎ ይጀምራል። «ከመላኩ በፊት ስሕተቱን ፈልግልኝ» አሉን። አንድ ስሕተት ብቻ አገኘን፤ እርሱም «ቢ» በሚገባበት «ቡ» መጻፋቸው ነበር። ጣታችንን ገና ሳናሳርፍበት ራሳቸው አዩትና አረሙት።

ስለዚህ ላፕቶፕ ልትገዙ የምታስቡ አንባቢዎቻችንን የምንመክረው በአጭሩ ይህ ነው። ከኢንቹ ቍጥር ይልቅ ወርዱንና ቁመቱን ለዩ። የራሳችሁን ደብዳቤና የራሳችሁን ሒሳብ ይዛችሁ ሂዱና በሱቁ ውስጥ ክፈቱት። ጥቂት አማርኛ ጻፉበት፤ «ቡ»ና «ቢ»ን ለይታችሁ አንብቡ። ወደ በር አውጥታችሁ በፀሓይ ተመልከቱት። ባትሪው ስንት ዋት ሰዓት እንደሚይዝና ውስጡ የሚለወጠው ምን እንደ ሆነ ጠይቁ። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም። ከሁሉ ይልቅ ግን በዕቃው የሚገለገሉትን የቤት ሰዎች ይዛችሁ ሂዱ፤ አባት ያላሰበውን ጥያቄ ልጅ ልትጠይቅ ትችላለችና።